ፊልም ካሜራ ተመለሰ እንዴ?

ኮዳክ እ.ኤ.አ. በጥር 2012 መክሰሩን ለፍርድ ቤት ሲያስታውቅ «በቃ፣ ፊልም ሞተ!» ያላለ አልነበረም። ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ፔንታክስ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ ገበያ ላይ አዋለ። ለሽማግሌዎች እንዳይመስላችሁ! በሞባይል ፎቶ ላደጉ ወጣቶች አስቦ ነው።

በሞባይል አንዷን ፈገግታ ሃያ ጊዜ እናነሳና ተመልሰን አናያትም። ፊልም ግን 36 ካለ 36 ነው። ማጥፋት የለ፣ ወዲያው ማየት የለ። ከመጫናችሁ በፊት ታስባላችሁ። ታጥቦ ሲመጣ ደግሞ የረሳችሁት ሳቅ ይወጣል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ሞባይሏን መንገድ ላይ ተመነተፈች። በቅርቡ ያረፉት አባቷ ፎቶ በሙሉ አብሮ ሄደ፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውማ! ቤት ስትፈትሽ ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የወላጆቿ ሠርግ ነጋቲቭ ተገኘ። አባቷ ሙሽራ ሆነው፣ ጠጉራቸውን አፍሮ አበጥረው... አሳጠበችና ሳሎን ሰቀለችው። ሰላሳ ዓመት ያለፈው ነጋቲቭ ነው እንግዲህ!

ወጪው ይከብዳል፣ አልዋሻችሁም። ፊልም ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለ በሚጫን ሻንጣ እንዳይከተው ንገሩት፤ የኤርፖርት ኤክስሬይ ያበላሸዋል። በእጁ ይያዝና ፈታሾቹ በዓይናቸው እንዲያዩለት ይለምን።

እቤት አሮጌ ካሜራ ካለ ደግሞ ከመክፈታችሁ በፊት ፊልም መጠቅለያዋን እጀታ በቀስታ አዙሯት። ከከበደቻችሁ ውስጡ ፊልም ሊኖር ይችላል። እንዳትከፍቱት! ብርሃን ካየ ይቃጠላል።