«አሸዋ ቤት» እና «የአሸዋ ቤት»

ሎኮሞቲቭ በብረት ሐዲድ ላይ በብረት መንኰራኵር ይሄዳል። ሐዲዱ በዝናብ ወይም በዘይት ሲርስ መንኰራኵሩ ባለበት ይሽከረከራል። ስለዚህ ነጂው ከመንኰራኵሩ ፊት ደረቅ አሸዋ በቱቦ ያፈስሳል። እርጥብ አሸዋ ቱቦውን ስለሚደፍን አስቀድሞ በምድጃ ይደርቃል፤ በወንፊትም ይነፋል። ስያሜ የምንሻለት ይህ ሥራ የሚከናወንበት ቤት ነው። ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣ ነበር።

በቂርቆስ አካባቢ የውጭ ቃል እንዳለ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። «ለገሃር» ጣቢያ ማለት የሆነው የፈረንሳይኛ ቃል ከነመስተአምሩ ነው። «ካዛንቺስ» ደግሞ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት አሕጽሮት «ካዛ» ከሚለው ቃል ጋር ተጣብቆ የተገኘ ነው፤ «ካዛ» ቤት መሆኑን ዛሬ የሚያስተውል ጥቂት ነው። ለሰፈር ስም ይህ አይጎዳም፤ ለሙያ ቃል ግን ፍቺው ከላዩ ሊነበብ ይገባል።

አማርኛ ለዚህ የታወቀ መንገድ አለው። ዕቃ ቤት፣ እህል ቤት፣ ጠጅ ቤት ስንል የሚቀመጠውን ወይም የሚሠራውን እንናገራለን፤ የጭቃ ቤት፣ የድንጋይ ቤት ስንል ቤቱ የተሠራበትን። ስለዚህ «አሸዋ ቤት» ይበቃል፤ «የአሸዋ ቤት» ግን የሚፈርስ ቤት ያስመስለዋል። «ሣር ቤት» የሚባለውን ሰፈር ጠቅሶ የሚከራከር ይኖራል፤ የሰፈር ስም ግን ለሙያ ቃል ሕግ አይሆንም።

ከዚህ የሚከብደው የሞዴል ባቡር መመሪያ የሚተረጕም ሰው ጉዳይ ነው። በተለመደው 1 ለ87 ልኬት የአንድ ሜትሩ ሐዲድ 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሠሪዎቹ 12 ይጠቀማሉ። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነች እውነተኛ የአሸዋ ቅንጣት ግን በዚያው ልኬት የ43 ሚሊሜትር ተኩል ድንጋይ፣ የእንቁላል ወርድ ያህል ማለት ነው! በሞዴሉ አሸዋ ቤት ደጃፍ ቢቆለል ኮረት ይመስላል እንጂ አሸዋ አይመስልም፤ ቦታው ከሐዲዱ ሥር ነው። አሸዋ የሚመስለው በጨርቅ የተነፋ ልም የድንጋይ ዱቄት ነው፤ ይህም ሙጫ በተቀባ የቁልል ቅርጽ ላይ ይነሰነሳል። ከቤቱ ውጪ ያለው ያልደረቀ ስለሆነ ጠቆር ብሎ ሊቆም ይችላል፤ የደረቀው ነጣ ብሎ በ33 ዲግሪ ገደማ ይንሸራተታል።

የውጭው ጽሑፍ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ይጠቀማል። ተርጓሚው «አሸዋ ነስንስ» ብሎ ካለፈ አንባቢው ያዘዘውን ይፈጽማል፤ የሚያገኘው ግን የድንጋይ ክምር ነው። ስለዚህ «አሸዋ» ለሚታየው ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ በእጅ የሚያዘው ቁስ «ልም ዱቄት» ወይም «ደቃቅ ብናኝ» ይባል፤ ከሐዲዱ ሥር የሚነሰነሰውም «የኮረት አሸዋ» ይባል። ለመዝገበ ቃላቱ የምናቀርበው ይህ ነው፦

አሸዋ ቤት (ስም)፤ ለሎኮሞቲቭ መንኰራኵር የሚፈስስ አሸዋ የሚደርቅበት፣ የሚነፋበትና የሚጠራቀምበት ቤት።