ለጉዱ ካሳ ብዬ

«ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ብዙ ሰው የሚወደው ለፍቅረኞቹ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ሲል ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምገልጠው ለጉዱ ካሳ ብዬ ነው። ለብቻው የሚያወራውን ይህን ሰው አገሬው እንደ እብድ ያየዋል፤ የባላባቱን ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅፈው ግን እሱ ነው። ያውም መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ዘውዱ ገና ሳይወርድ! ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው የዚያው መንግሥት ዲፕሎማትና ሚኒስትር ነበሩ። ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ስላደጉ የቆሎ ተማሪን ኑሮ ከውስጥ ያውቁት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ደግሞ ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻን በሌላ ድምፅ ማንበብ አይሆንለትም (እኔም አልሆነልኝም)። ውፍረቱ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ በትረካው ጀምሩት፤ የጉዱ ካሳን ንግግር ግን በዓይናችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።