አንዴ ተነክቶ ሁለቴ የተመዘገበ ቡና

ቦንጋ ውስጥ አንድ የቡና መረከቢያ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ካፋ ውስጥ እሸት ቡና የሚለቀምበት ጊዜ። አንድ አባት 3 ፈረሱላ፣ ማለትም 51 ኪሎ አስመዘኑ። መዝጋቢዋ ልጅ ቁጥሩን ስልኳ ላይ ሞልታ «መዝግብ» የሚለውን በተን ነካች። የነካችው አንድ ጊዜ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝርዝሩ ላይ ግን 51 ኪሎው ሁለት ጊዜ ሰፈረ። «እንዲህ ያደርጋል» አለችኝና አንዱን ሰረዘችው። ፎርሙን የሠራሁት እኔ ነበርኩና ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ማታ ነው። ጣት ከስክሪን ላይ ሲነሳ ብሮውዘሩ መጀመሪያ የንክኪ መልእክት ይልካል። ከዚያ ለማውስ ብቻ የተጻፉ አሮጌ ድረ ገጾች ስልክ ላይም እንዲሠሩ የክሊክ መልእክት ያስከትላል። የእኔ ኮድ ሁለቱንም ይቀበል ስለነበር አንዱን ቡና ሁለቴ መዘገበው።

በተን መንካት ከውጭ ሲታይ አንድ ድርጊት ነው፤ ከውስጥ ግን ብዙ ጣጣ አለው። ጣቱን ያሳረፈ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ከበተኑ ውጭ አንሸራቶ ቢያነሳ ትእዛዙ መቅረት አለበት። በኪቦርድ የሚሠራ ሰው ኢንተርን እንደተጫነ፣ ስፔስን ደግሞ ሲለቅ በተኑ እንዲሠራለት ይጠብቃል። ዓይነ ስውር ተጠቃሚ በስክሪን ሪደር ሲያዝ የመጫንና የመልቀቅ ምልክት ሳይቀድም ክሊክ ብቻ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ማውስ ሲያልፍበት ቀለሙ የሚለወጥ በተን ስልክ ላይ ጣት ከተነሳም በኋላ እንደተለወጠ ሊቀር ይችላል። ይህን ሁሉ በሦስት ቦታ ኮፒ አድርጌው ነበር፤ በበተኑ፣ በሜኑውና በቀን መምረጫው። በተኑን ሳርም ሜኑው እንደታመመ ቀረ። ሜኑው ላይ የስፔስን ነገር ሳስተካክል ቀን መምረጫው አልሰማም። የተረሳው ኮፒ የሚጎዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሰው ነው፤ እኛ በማውስና በጣት ስንሞክር፣ በኪቦርድና በስክሪን ሪደር የሚሠራውን ሳናስበው እናልፋለን።

መፍትሔው የአንድን ነገር ጠባይ ከመልኩ መለየት ነው። ፌስቡክ ያወጣው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2019 ሁክ የሚባል ነገር ጨመረ፤ አንድን ሥራ ለብቻው ጽፎ በፈለጉት ኮምፖነንት (የገጽ ክፍል) ውስጥ ለመጥራት የሚያስችል ዘዴ ነው። አዶቤ በ2020 ይፋ ያደረገው ሪአክት አሪያ የተባለ ላይብረሪ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። በውስጡ ያለው ዩዝፕሬስ የሚባል ሁክ «መነካት» የሚለውን ነገር፣ ከላይ ከዘረዘርኩት ጣጣ ከአብዛኛው ጋር፣ አንድ ቦታ ላይ ይዞታል። ቀለምና ቅርጽ አይሰጥም፤ እሱን ለሠሪው ትቶታል። በተኑ፣ ሜኑውና የቀን መምረጫው ቁጥሮች ሁሉም ሁኩን ይጠራሉ። አንድ ስህተት እዚያ ሲታረም ሁሉም ጋ ይታረማል። አማርኛውን ጽሑፍ በላቲን ፊደል በሚጻፈው የካፋ ቋንቋ፣ በካፊ ኖኖ፣ ብቀይረው ከዚህ ኮድ አንድ መስመር አይነካም።

የወደድኩት ግን ቀን መምረጫውን ነው። ላይብረሪው የቀን አቆጣጠሩን እንኳ ከጠባዩ ነጥሎ አስቀምጦታል፤ ከሚያውቃቸው አቆጣጠሮች አንዱ ደግሞ የእኛው ነው። የቀኝ ቀስት ወደ ነገ፣ የታች ቀስት ወደ ቀጣዩ ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ይወስዳል። ይህ ለፈረንጆቹም ለእኛም አንድ ኮድ ነው። 13 ወር መኖሩን፣ ጳጉሜን 5 ቀን ሆና በዘመነ ሉቃስ 6 እንደምትሆን የሚያውቀው አቆጣጠሩ ብቻ ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ላይ ቆሜ የቀኝ ቀስቱን ተጫንኩ፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ላይ አረፈ። እኔ ራሴ የጻፍኩት የድሮው መምረጫ ጳጉሜን 6ን ጭራሽ አያውቃትም ነበር።

ይሁንና የሚመሳሰል ነገር ሁሉ አንድ ይሁን ማለት ልክ አይደለም። ሊንክና በተን በመልክ አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሊንክ ላይ ስፔስ ሲጫኑ ገጹ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ሊንኩ አይከፈትም። ሁለቱን ያለ ልዩነት በአንድ ኮድ የጨፈለቀ ሰው አንዱን አበላሽቷል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ብሮውዘሩ ራሱ በተን እንዳለው ማስታወስ ይገባል። እኔ ተራ ሳጥን ወስጄ በተን ለማስመሰል የደከምኩበትን የኪቦርድ ሥራ እሱ ያለ ምንም ኮድ ይሠራዋል። ለቀላል ፎርም ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አላውቅም።

ኮዱን እንዲህ ካስተካከልኩ በኋላም አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ኔትወርኩ ሲዘገይ ልጅቷ መልስ ስታጣ በተኑን ደግማ ትነካለች፤ ይህ እውነተኛ ሁለተኛ ንክኪ ነው፣ የትኛውም ሁክ አያስቀረውም። ስለዚህ አሁን እያንዳንዱ ምዝገባ በተኑ ተደግሞ ቢነካም የማይለወጥ የራሱን መለያ ቁጥር ይዞ ከስልኩ ይነሳል። ያ ቁጥር ተደግሞ ቢመጣ ሰርቨሩ «ተመዝግቧል» ብሎ ይመልሳል እንጂ ሌላ 51 ኪሎ አይጽፍም።