ደጅ ለሚያድር መኪና ሽፋን ማልበስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ማለዳ ላይ በናይሮቢዋ ኪሊማኒ በሚገኙ የመኖሪያ ሕንፃዎች ግቢ ውስጥ ከቆሙት መኪኖች መካከል አንዳንዶቹ ከጣሪያ እስከ ጎማ ብርማ ወይም ግራጫ ሽፋን ለብሰው ይታያሉ። አጠገባቸው የቆሙት ደግሞ የሌሊት ጤዛ፣ የግንባታ አቧራ እና የወፍ ኩስ አርፎባቸዋል።

ሲታይ የለበሰው መኪና ከጎረቤቱ የተሻለ ዕድል የገጠመው ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙዎች 'የመኪና ልብስ' የሚሉት ይህ ሽፋን በአግባቡ ካልተመረጠና ካልተያዘ፣ ይጠብቀዋል የተባለውን ቀለም መልሶ ሊያበላሸው ይችላል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ኬንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገቡ ከስምንት ዓመት በላይ የሆናቸው መኪኖች ወደ አገሯ እንዳይገቡ ትከለክላለች። የሚገቡት አብዛኞቹ መኪኖች በጃፓን አገልግሎት የሰጡ በመሆናቸው፣ ገዢው የሚረከበው ቀለሙ ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበትን መኪና ነው። የኢትዮጵያ መንግሥትም በአውሮፓውያኑ 2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ይህም በእጅ ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየትን ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

በሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን የሚክሰው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት ነው። ሙሉ የመድን ሽፋን ያለው ባለንብረትም ቢሆን በጊዜ ብዛት ለደበዘዘ ቀለም ካሳ አይጠብቅም። የማስቀባቱ ወጪ የሚወድቀው በራሱ ላይ ነው።

ከቪላ ወደ ፎቅ

ከናይሮቢ መሃል ከተማ በስተምዕራብ የምትገኘው ኪሊማኒ ቀደም ሲል የምትታወቀው ሰፋፊ የአትክልት ቦታ ባላቸው ቪላ ቤቶች ነበር። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ግን ብዙዎቹ ቪላዎች ፈርሰው ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች ተተክተውባቸዋል። በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ይኖሩባታል።

ትናንት አንድ ቤተሰብ ይኖርበት በነበረ ግቢ ውስጥ ዛሬ በርካታ አባወራዎች ሲሰፍሩ፣ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ይጠብባል። ከሕንፃው ሥር ቦታ ያላገኘ ነዋሪ መኪናውን ደጅ ያሳድራል። ደጅ ያደረ መኪና ደግሞ በአንድ ጊዜ ከብዙ አቅጣጫ ይጠቃል።

የመጀመሪያው አጥቂ ፀሐይ ነው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ጥቂት ዝቅ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ገለጻ፣ ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ጨረሩ ብርቱ ነው። ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምትገኘው አዲስ አበባም ይኸው ይሠራል።

ይህ ጨረር በመኪናው ቀለም ላይ ያለውን መልክ የለሽ አንጸባራቂ ንብርብር ቀስ በቀስ ያዳክመዋል። ንብርብሩ ከሰው ፀጉር የማይወፍር በመሆኑ፣ አንዴ ከተበላ በሰም አይመለስም። ጣሪያውና ኮፈኑ ቀድመው የሚነጡት ፀሐይ በቀጥታ ስለሚያርፍባቸው ነው። ከፕላስቲክ የተሠሩት የፊት መብራቶችም በዚሁ ምክንያት ቢጫ እየሆኑ ይደበዝዛሉ።

ሙቀቱ ወደ ውስጥም ይዘልቃል። የአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ እጅግ ሞቃት በሆኑ ቀናት ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል። ጥላ ሥር የቆሙት ግን 48 ዲግሪ ገደማ ነበሩ። ናይሮቢ የአሪዞናን ያህል ባትሞቅም፣ ጥላ የሚያመጣው ልዩነት እዚህም ይሠራል።

ሁለተኛው አጥቂ ከጎረቤት የሚመጣው የሲሚንቶ አቧራ ነው። ሲሚንቶ በጤዛ ሲርስ ቀለምን የሚበላ ባሕርይ ይኖረዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጋገራል። በደረቅ ጨርቅ ለመጥረግ የሞከረ ሰው መኪናውን በአሸዋ ወረቀት እንደፈተገው ይቆጠራል።

ዛፎችና ወፎችም ድርሻ አላቸው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ናይሮቢን ሐምራዊ የሚያለብሰው የጃካራንዳ አበባ ለዓይን ቢያምርም፣ ረግፎና ረጥቦ መኪና ላይ ሲቆይ ይጣበቃል። የወፍ ኩስ ደግሞ አሲድነት ስላለው ፀሐይ ላይ ሲቆይ በቀለሙ ላይ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል።

ጥበቃው መቼ ወደ ጉዳት ይለወጣል?

ጥሩ ሽፋን እነዚህን ሁሉ ይከላከላል። ችግሩ የሚጀምረው በአቧራማ መኪና ላይ ሲለብስ ነው። በጨርቁና በቀለሙ መካከል የቀረው አቧራ፣ ነፋስ ሽፋኑን ባወዛወዘው ቁጥር ቀለሙን ይፍቃል። ሰፊና ያልታሰረ ሽፋን ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ሽፋኑን መሬት ላይ እየጎተቱ ማውለቅም አሸዋ ይዞ እንዲመለስ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ችግር እርጥበት ነው። አየር የማያስተላልፍ ፕላስቲክ ዝናብን ቢከላከልም ከመሬትና ከመኪናው የሚወጣውን እንፋሎት አፍኖ ይይዛል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዋናው የዝናብ ወቅት፣ እንዲሁም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ደመናማና ቀዝቃዛ ወራት፣ እንዲህ ታፍኖ የሚሰነብት መኪና ቀለሙ ሊያብጥ፣ የተጫረው ብረት ሊዝግ፣ ወንበሩም ሊሻግት ይችላል።

ስለሆነም ሽፋን ሲገዛ 'ውሃ አያስገባም' ከሚለው ማስታወቂያ ይልቅ 'አየር ያስተላልፋል ወይ?' የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ደጅ ለሚያድር መኪና የሚመረጠው ብዙ ንብርብር ያለው፣ ላዩ ፀሐይን የሚመልስ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ የለሰለሰ እና በመኪናው ልክ የተሰፋ ነው። የስፖኪዮ ቦታ፣ ከታች የሚጠብቅ ላስቲክ እና በመኪናው ሥር የሚያልፍ ማሰሪያም ያስፈልገዋል። ለጭነት የሚውል ሻካራ ሸራ ለዚህ አይሆንም።

አለባበሱም ሥርዓት አለው። መኪናው ታጥቦ መድረቅ፣ ሞተሩና ማርሚታውም መቀዝቀዝ አለባቸው፤ የጋለ ማርሚታ ሽፋኑን ሊያቀልጠው ይችላል። ከዚያ ሽፋኑ ጣሪያው ላይ ተደርጎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዘረጋል። ሲወልቅ የሁለቱ ጎኖች ጠርዝ ወደ መሃል ይታጠፍና ይጠቀለላል፤ በዚህ መንገድ የቆሸሸው ፊት የውስጠኛውን አይነካም። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ገልጦ ማናፈስ፣ ሽፋኑንም በየጊዜው በለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ ይገባል።

ሽፋን የማይመልሳቸው አደጋዎች

ሽፋን ስፖኪዮ ወይም መብራት ለመንቀል የመጣን ሌባ ሊያዘገየው ይችላል፤ አያስቆመውም። እንዲያውም ለቀናት ያልተገለጠ ሽፋን የተፈጸመውን ስርቆት ሊደብቅ፣ 'ባለቤቱ የለም' የሚል መልዕክትም ሊያስተላልፍ ይችላል። በናይሮቢ የመንገድ ዳር ማቆሚያ ክፍያ በሰሌዳ ቁጥር ስለሚፈጸም፣ ከግቢ ውጭ ለሚቆም መኪና ሰሌዳውን አለመሸፈን ይመከራል።

ለሚወድቅ ዛፍና ለጎርፍም መፍትሔ አይሆንም። በ2024 የዝናብ ወቅት ናይሮቢን ያጥለቀለቀው ጎርፍ እንዳሳየው፣ በዚያ ጊዜ ዋናው ነገር መኪናው የቆመበት ቦታ ነው። ጠፍ መሬትና ያረጀ ዛፍ ሥር ያለ ቦታ ቀድሞ መታየት አለበት።

ታዲያ ለማን ይጠቅማል?

ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያመላልስ አቧራ ለብሶ ለሚገባ የታክሲ ሹፌር፣ ማታ ማታ ያልታጠበ መኪናን ማልበስ ጉዳቱ ያመዝናል። ለእርሱ የሚበጀው ጥላ ያለው ቦታ፣ የንፋስ መስታወት መከለያ፣ በብዙ ውሃ አዘውትሮ ማጠብ እና በየጥቂት ወራት ሰም መቀባት ነው። የወፍ ኩስንም ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳት ይቻላል።

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ለሚነዳ ወይም ቤተሰቡን ሊጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ለሳምንታት ለሚሄድ ነዋሪ ግን ጥሩ ሽፋን ዋጋውን ይመልሳል። እርሱም ቢሆን የሚያምነውን ሰው፣ ዘመድ ወይም በናይሮቢ አጠራር 'አስካሪ' የሚባለውን የግቢ ጠባቂ፣ ሽፋኑን አልፎ አልፎ ገልጦ እንዲያይ አደራ ቢል ይመረጣል።