እውነት ወይስ ተረት? ሆም አልገባ ያለ ሌዘር

ጠዋት የሌዘር መቁረጫ ማሽን ሲበራ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ማዕዘን ይጓዛል፤ ሊሚት ስዊቹን ወይም ሴንሰሩን ሲያገኝ ይቆማል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይልና ዝም ይላል። ሆም ገባ የሚባለው ያኔ ነው። አንዳንድ ጠዋት ግን መቆሙን ይረሳል። ከጠርዙ ጋር ይላተምና «ግርርር» እያለ ቺንጋውን ያንገጫግጫል። ከዚያ በኋላ በቤቱ ያለው ሁሉ ሐኪም ነው፦ አንዱ «ሞተር ነው»፣ ሌላው «ቦርድ ነው»፣ ሦስተኛው «ሶፍትዌሩን እንደገና ጫነው»። ዕቃ ልትገዙ ከመውጣታችሁ በፊት የሚባለውን አንድ በአንድ እንፈትሽ።

«መብራት ጠፍቶ ቢመጣም ማሽኑ ቦታውን ያውቃል፤ ሆም ትርፍ ነው»

ተረት። ስቴፐር ሞተር እርምጃ ይረግጣል እንጂ የት እንደደረሰ አያይም። በብዛት የሚገኘው ዓይነት አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይፈጃል፤ ቦርዱ የጭንቅላቱን ቦታ የሚያውቀው የላከውን እርምጃ በመቁጠር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ጭንቅላቱ በእጅ ተገፍቶ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ በጨለማ ክፍል ግድግዳ እየዳበሰ በሩን እንደሚፈልግ ሰው ነው፤ በሩ ስዊቹ ነው። ከተቋረጠበት የመቀጠል አማራጭ ያለው ማሽን እንኳ መጀመሪያ አስተማማኝ መነሻ ይፈልጋል። ስዊች ያልተገጠመላቸው ትንንሽ ዳዮድ ሌዘሮች ብቻ ሲበሩ ያሉበትን ቦታ ዜሮ ብለው ይነሳሉ።

«ግርርር ካለ ሞተሩ ወይም ቦርዱ ተቃጥሏል»

ብዙውን ጊዜ ተረት። ድምፁ የሚሰማው ሞተሩ መሄድ እየፈለገ መንገድ ሲያጣ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ጭንቅላቱን እስከ ጠርዙ አያደርሰውም ነበር። ማሽኑን ቶሎ አጥፉትና ያደረገውን አስታውሱ፤ ችግሩ ያለበትን የሚጠቁመው አኳኋኑ ነው። ጠርዙን ከመታ «ደርሰሃል» የሚለው ምልክት ቦርዱ ጋ አልደረሰም። ገና ሳይንቀሳቀስ ከቆመ፣ ወይም በአንዳንድ ቦርዶች እንደሚታየው ቀስ እያለ ወደ ተቃራኒው ከሸሸ፣ ምልክቱ ሁልጊዜ እንደተነካ ሆኖ ቀርቷል። ጂአርቢኤል በሚባለው ፕሮግራም የሚሠሩ ማሽኖች ይህንኑ በቁጥር ይናገራሉ፦ አላርም 9 «ስዊቹን ፈልጌ አጣሁት» ሲሆን፣ አላርም 8 ደግሞ «ወደ ኋላ ብልም ስዊቹ አልለቀቀኝም» ነው።

«የሴንሰሩ መብራት ይበራል፤ ስለዚህ ሴንሰሩም ሽቦውም ደህና ነው»

ግማሽ እውነት። በብዙ ትላልቅ ማሽኖች ላይ ያለው ሴንሰር ሳይነካ ብረት የሚያውቅ ነው፤ የሚያየውም በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ብቻ ነው። የካቻቢቴ ጫፍ ፊቱ ላይ ስታስጠጉ ትንሿ ቀይ መብራት ከበራች ሴንሰሩ አይቷል ማለት ነው። ያየው ነገር ቦርዱ ጋ መድረሱን ግን አትነግራችሁም። በመካከል ያለው ሽቦ በኬብል ሰንሰለት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይተጣጠፋል። ከላይ ፕላስቲኩ ሳይነካ ውስጡ ያለው መዳብ ይበጠሳል፤ ሲዘረጋ ይገናኛል፣ ሲታጠፍ ይለያያል። «ጠዋት እምቢ ይላል፣ ከሰዓት ይሠራል» የሚባለው ብልሽት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የሽቦውን ሁለት ጫፎች በቴስተር ይዛችሁ፣ ሰንሰለቱን ወዲያና ወዲህ አጣጥፉት፤ የቴስተሩ ድምፅ ከተቆራረጠ ሽቦውን ቀይሩ። የሲኦቱ ሌዘር ቱቦ የሚሠራው በአሥር ሺዎች ቮልት ስለሆነ ከቱቦውና ከኃይል ማቅረቢያው እጃችሁን አርቁ።

ሴንሰሩ ጨርሶ ካላበራ፣ ከመቀየራችሁ በፊት ከብረቱ ጋር ያለውን ርቀት እዩ፤ ብሎኑ ላልቶ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢሸሽ እንኳ ይበቃዋል። በብርሃን የሚሠራ ሴንሰር ከሆነ የኤምዲኤፍ ጭስና አቧራ ዓይኑን ሸፍኖት ይሆናል፤ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

«ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን ይፈታዋል»

በአብዛኛው ተረት፤ ሴቲንግ ግን ራሱን የቻለ ነገር ነው። ጂአርቢኤል ስዊች የሚፈልገው በሴቲንጉ ላይ የተጻፈውን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ተጉዞ ነው። ሲመጣ $130 በሚባለው የስፋት ሴቲንግ ላይ 200 ሚሊሜትር ተጽፎ፣ የማሽናችሁ አልጋ ግን 400 ቢሆን፣ ከስዊቹ በጣም ርቆ የተነሳ ጭንቅላት 300 ሚሊሜትር ተጉዞ ተስፋ ይቆርጥና አላርም 9 ይላል። ስዊቹ ደህና፣ ሽቦውም ደህና፤ ጥፋቱ የቁጥሩ ነው። ቦርድ ወይም ፕሮግራም ተቀይሮ በማግስቱ የመጣ ችግር ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ።

«ካስቸገረ ሆምን ማጥፋት ነው»

ተረት፣ ያውም ውድ ተረት። ሆም ሲጠፋ ማሽኑ የአልጋውን ወሰን አያውቅም። ጂአርቢኤል ሆም ሳይበራ የወሰን ጥበቃውን ለማብራት እንኳ እሺ አይልም፤ ኤረር 10 ይሰጣል። የዛሬው ግርርር ቀርቶ ነገ በአክሪሊኩ መሃል ሌላ ግርርር ይመጣል።

«ከማብራት በፊት ጭንቅላቱን ወደ መሃል መግፋት ይረዳል»

እውነት። ስዊቹ ላይ ተቀምጦ የተነሳ ማሽን ሊደናገር ይችላል። ብቻ ማሽኑ ጠፍቶ በቀስታ ይገፋ፤ በፍጥነት የተገፋ ሞተር ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ቦርዱ ይልካል።

«ሆም ከገባ ተስተካክሏል»

ገና ነው። ፑሊው ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ላልታ ከሆነ ሆም ይገባል፣ ሥራው ግን በየቀኑ ይሸሻል። ፍተሻው ቀላል ነው። አልጋው ላይ ወረቀት በፕላስተር ለጥፉ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ የሌዘር መከላከያ መነጽር አድርጉ፣ በዝቅተኛ ኃይል አንድ ነጥብ አስመቱ። ከዚያ ሆም አስገብታችሁ እዚያው ቦታ ደግማችሁ አስመቱ፤ አምስት ጊዜ። ወረቀቱ ላይ ከአንድ በላይ ነጥብ ከተቆጠረ ብሎኑንና ቺንጋውን አጥብቁ። አንድ ነጥብ ብቻ ከታየ ማሽኑ በሩን አግኝቷል።