በቃል ሒሳብ ስንሠራ አንጎላችን ምን ይሠራል? የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅስ?

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ አንጎልና ስለ ቃል ሒሳብ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ።

እስቲ እስክሪብቶ ሳታነሱ 47 ሲደመር 38 ስንት ነው? ብዙዎቻችን መጀመሪያ 40 እና 30 ደምረን 70 እንላለን። ከዚያ 7 እና 8 ደምረን 15 እናገኛለን። 70 እና 15 ደግሞ 85! እዚህ ላይ ከባዱ ነገር መደመሩ ብቻ አይደለም። 15ን እስክናገኝ ድረስ 70ን ሳይረሱ መያዝም አለ። አንጎላችን ውስጥ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ አለ ብላችሁ አስቡት። ቁጥሩ እዚያ ላይ ተጽፎ ይቆያል ማለት ነው።

አንጎል ሲያስብ ይታያል እንዴ?

የአንጎል ሴሎች የሚነጋገሩት በጣም ትንሽ በሆነ ኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው። ሀንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ይህንን ኤሌክትሪክ ከሰው ራስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ በሴኮንድ 10 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ የሚል ሞገድ ታየው። በቃል ሒሳብ ሲያሠራው ግን ሞገዱ ቀነሰ። ምርመራው አሁን ኢኢጂ ይባላል። ራስ ላይ ሽቦ ይለጠፋል፣ ግን መሣሪያው ይመዘግባል እንጂ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው አይልክም፤ አያምም።

የሚጥል በሽታ ሲኖርስ?

ብዙ የአንጎል ሴሎች ባንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ባንዴ ብንጮህ መምህሩ አይሰሙም አይደል? እንደዛ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መውደቅና መንፈራገጡን ነው። ነገር ግን ሳይጥል የሚመጣም አለ፣ በተለይ በልጆች ላይ። ልጁ ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዞ ይቀራል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ያን ጊዜ ኢኢጂ ላይ በሴኮንድ 3 ጊዜ ያህል የሚደጋገም ሹል ሞገድ ይታያል።

አሁን ወደ ሒሳባችን እንመለስ። ልጁ 70ን ይዞ ሳለ ለ10 ሴኮንድ ቢፈዝ ሰሌዳው ይጠፋበታል። ሲነቃ 70ም የለም፣ አንዳንዴ ጥያቄውም የለም። መምህሩ «የት ሄደህ ነው?» ሲሉት እኛ እንስቃለን። እሱ ግን መደመር አቅቶት አይደለም!

በእርግጥ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶቹ በትኩረትና በማስታወስ ይቸገራሉ፤ አንዳንዶቹን መድኃኒቱ ያደክማቸዋል። ከማንም እኩል የሚያሰሉም ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. ቶሎ ቶሎ የሚፈዝ ልጅ ካየን አንሳቅበት፤ ለመምህር እንንገር። ውድ መምህራን፣ እባካችሁ ከመቆጣት በፊት ጥያቄውን ድገሙለት፤ ለወላጆቹም ንገሩ።
2. ወድቆ ሲንፈራገጥ በጎኑ እናስተኛው፣ ራሱ ሥር ልብስ እናድርግ። ክብሪት አናሽትተው፣ አፉ ውስጥም ምንም አንክተት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።
3. በሽታው በመንካትም ሆነ በምራቅ አይተላለፍም። አብረነው እንቀመጥ፣ አብረነው እንብላ።
4. መድኃኒት አለው። በትክክል ከታከሙ ከ100 ሰዎች እስከ 70ዎቹ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ሐኪም ሳያዝ ግን መድኃኒቱን ማቋረጥ አደገኛ ነው።