የቅመም ተክሎችን በአሮጌ ዕቃ ማሳደግ

የቅመም ተክሎችን በአሮጌ ዕቃ ማሳደግ ማለት እንደ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጠጅ ሳር ያሉ ተክሎችን በጣሳ፣ በተቆረጠ ጀሪካን፣ በተሰነጠቀ እንስራ ወይም በሌላ አገልግሎቱ ባበቃ የቤት ዕቃ ተክሎ በመስኮት አጠገብ ወይም በበረንዳ ማሳደግ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደ ሲሆን፣ ጓሮ ለሌላቸው የኮንዶሚኒየምና የኪራይ ቤቶች ይበልጥ ይጠቅማል። ይህ መጣጥፍ በተለይ የጎንደር ከተማንና የሰሜን ጎንደርን ደጋ ይመለከታል።

የአየር ጠባይና ብርሃን

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቷ ይበርዳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በደጋው ውርጭ ሊጥል ይችላል። በሶብላ ውርጭ ካገኘው ቅጠሉ ጠቁሮ ይሞታል፤ ስለዚህ በደጋው ሌሊት ወደ ቤት ይገባል። ጦስኝ ግን በሰሜን ተራሮች በዱር የሚበቅል የደጋ ተክል በመሆኑ ብርዱን ይቋቋማል።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይ አቅጣጫ በዓመቱ ውስጥ ይለወጣል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ትሆናለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ታልፋለች። በመሆኑም በበጋ ደቡብን የሚያይ መስኮት ይሻላል፤ ምሥራቅን የሚያይ መስኮት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። አብዛኞቹ የቅመም ተክሎች በቀን ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ብርሃን ሲያንሳቸው ግንዳቸው ይቀጥናል፣ ሽታቸውም ይደክማል።

ለየተክሉ የሚሆን ዕቃ

* በሶብላና ድንብላል፦ የወተት ዱቄት ጣሳ ወይም የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ (በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው) ይበቃቸዋል። ሁለቱም በዘር ይበቅላሉ።
* ጤና አዳም፦ ለብዙ ዓመት ስለሚቆይ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይሻለዋል። በዘር ወይም በቅርንጫፍ ይተከላል።
* ጠጅ ሳር፦ ሥሩ ስለሚሰፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ወይም ባልዲ ያስፈልገዋል። ከነሥሩ ተከፍሎ ይተከላል።
* ጦስኝ፦ ጥልቀት ስለማይፈልግ ጎድጓዳ ሳህን ወይም የተሰበረ ምጣድ ይሆነዋል። ችግኙ ከሰው ጓሮ ይወሰዳል እንጂ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አይነቀልም።

አዘገጃጀት

ዕቃው በሳሙና ታጥቦ ከሥሩ ከ4 እስከ 6 ቦታ በጋለ ምስማር ይበሳል። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ውሃ ስለሚያቁር ሥሩ ይበሰብሳል፤ ተክል በጣሳ ውስጥ የሚሞትበት ዋነኛ ምክንያትም ይህ ነው። አፈሩ በውሃ እንዳይወጣ በቀዳዳው ላይ ገል ይደረጋል፤ ከሥር ደግሞ አሮጌ ሳህን ይቀመጣል።

የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር ብቻውን አይመረጥም፤ ሲርስ ይጨቀያል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት እና አንድ እጅ አሸዋ ቢቀላቀል ውሃ በሚገባ ያሳልፋል። የቡና አተላና የአትክልት ልጣጭ በቀጥታ ሳይሆን ኮምፖስት ውስጥ ገብተው ከበሰበሱ በኋላ ይጨመራሉ።

እንክብካቤ

ውሃ የሚጠጣው አፈሩ እስከ አንድ የጣት አንጓ ጥልቀት ሲደርቅ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አትክልትና ጥራጥሬ የታጠበበት ውሃ ያገለግላል፤ ጨውና ዘይት ያለበት ግን ተክሉን ይጎዳል። ክሽክሽ ሲታይ ቅጠሉ በቀጭን የሳሙና ውሃ ይታጠባል።

በብዙ አገር መጻሕፍት የበሶብላ አበባ ገና ሳይፈነዳ እንዲቆረጥ ይመከራል። ይህ ቅጠሉ ብቻ ለሚፈለግበት ምግብ ይሠራል። በኢትዮጵያ ግን የደረቀው የአበባ ዘለላ ራሱ ለበርበሬና ለሽሮ ቅመም ስለሚሆን ጥቂት ቅርንጫፎች እንዲያብቡ መተው ይገባል።

ጥንቃቄ

ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ የሞተር ዘይት ወይም ቀለም ይዞ የነበረ ዕቃ በደንብ ቢታጠብም ለሚበላ ተክል አይሆንም። በገበያ የሚሸጥ ያገለገለ ጀሪካን ቀድሞ ምን እንደያዘ ካልታወቀ ቢተው ይመረጣል።

ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል የሚደረገው ጥቂት ቅጠል ነው። በብዛት ሲወሰድ መርዛማ ሊሆንና ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል፣ እርጉዝ ሴቶች እንደ መድኃኒት ሊጠጡት አይገባም። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ስለሚችልም ተክሉ ከተቆረጠ በኋላ እጅ መታጠብ አለበት፤ ሕፃናት ባሉበት ቤትም ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣል።